የሳንጃ የክረምት ዕረፍት፦ እውነት ወይስ ተረት?

ነሐሴ ሲገባ ፈረንሳይ ያሉ ዘመዶቻችን ፎቶ መላክ ይጀምራሉ። የድንጋይ ቤት፣ በዛፍ ጥላ ሥር የተዘረጋ ረጅም ጠረጴዛ፣ ባዶ እግራቸውን ወንዝ ዳር የሚሯሯጡ ልጆች፣ ከጀርባቸው የሱፍ ማሳ። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሆኖ ፎቶውን በስልኩ የሚያየው አባት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ልጆቹም ቴሌቪዥን ላይ እንደተጣዱ፣ «እኛስ አገር የለንም እንዴ? አያታቸው ሳንጃ አሉ፤ ቤቱ ሰፊ ነው፤ ወንዙም ቅርብ ነው» ይላል። ሐሳቡ ደግ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከሐሳቡ በኋላ ከሚጎርፈው ምክር ነው።

ስለ ቆላ ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። በረሃ ወርዶ የማያውቅ ደገኛ በፀሐዩና በአውሬው ያስፈራራል። እዚያው ተወልዶ ያደገው ደግሞ «እኛ ምን ሆንን?» ብሎ ሁሉንም ያጣጥላል። ሁለቱን ሰምቶ የሚጓዝ ቤተሰብ የማይጎዳውን ሲፈራ ይከርምና በሚጎዳው ነገር ላይ ልጆቹን ይለቅቃል። ከዚህ በታች የማነሣቸው አባባሎች በየቡናው ላይ የሚሰሙ ናቸው። አንዳንዱ ፍጹም ተረት ነው፤ አንዳንዱ ግማሽ እውነት አለው፤ ግማሽ እውነት ያለው ደግሞ የባሰ ያሳስታል።

በቅድሚያ ስለ ቦታው አንድ ነገር ልበል። ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። ከጎንደር በትክል ድንጋይ አልፎ ወደ ሁመራ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ብዙ ሰው «መተማ መንገድ ላይ ያለችው» ይላታል። የመተማው መንገድ ግን በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል ሱዳን ጠረፍ የሚደርስ ሌላ መንገድ ነው። የአየሩና የበሽታው ጠባይ ስለሚመሳሰል እዚህ የምለው አብዛኛው ነገር ለሁለቱም ይሠራል።

«ክረምት የዕረፍት ጊዜ ነው»

ለተማሪ ነው። ለሳንጃ አይደለም።

ፎቶው ያሳሳተን እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳዮች ሐምሌና ነሐሴን ለዕረፍት የመረጡት በአገራቸው የበጋ ወራት ስለሆኑ ነው። ቀኑ ረጅም ነው፤ ሰማዩ ብሩህ ነው፤ ውጭ ተቀምጦ እራት ይበላል። የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1936 በሊዮን ብሉም መንግሥት ዘመን ሁለት ሳምንት ሆኖ ሲታወጅ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ገጠርና ወደ ባሕር መጉረፍ ጀመረ። በ1982 ፈቃዱ አምስት ሳምንት ደረሰ። የእኛም ትምህርት ቤት በእነዚያው ወራት ስለሚዘጋ ሁለቱ ነገር አንድ ይመስላል፤ ግን የእነሱ ሐምሌ በጋ ነው፣ የእኛው ሐምሌ ደግሞ ጎርፍ።

ሐምሌ ላይ ሳንጃና ከሳንጃ በታች ያለው ቆላ እንኳን ሊያርፍ እንቅልፍ የለውም። ሰሊጥ ሲበቅል ደካማ ነው፤ አረም በቀላሉ ይቀድመዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልታረመ የዓመቱ ልፋት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታረማል። ጉልበት ያለው ሁሉ እርሻ ላይ ነው። ከደጋው አራሚ በመኪና ተጭኖ ይወርዳል፤ ሰው ሲጠፋ የቀን ዋጋ ይንራል። ቤት የቀሩት ሴቶች ስንቅ ያዘጋጃሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ፣ በቅሎም ሆነ ትራክተር ባገኙበት ይልካሉ። መስከረም ማብቂያ ላይ ሰሊጡ ይደርስና ሌላ ጥድፊያ ይመጣል፤ ቅርፊቱ ፈንድቶ ፍሬው መሬት ላይ ከመበተኑ በፊት መታጨድ አለበት። ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ ደርቆ፣ ሸራ ላይ እስኪራገፍ ጥቅምት ያልፋል።

መሬቱም እንግዳ አይፈልግም። ዋልካ ሲርስ ጎማም ጫማም ይይዛል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር በአትባራ በኩል ወደነዚህ ቆላዎች ሲመጣ፣ ክረምቱን ሶፊ በምትባል መንደር ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ አሳለፈው። ወደ ሰቲትና ወደ አንገረብ ለአደን የወጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ግመልና አሽከር ያለው ሰው ያልደፈረውን መንገድ የከተማ ሰው በሚኒባስ ይሞክረዋል።

በክረምት አትሂዱ ማለቴ አይደለም። አገሩ ሲለመልም ማየት ያስደስታል፤ ልጅም ሰሊጥ ከማሳ እንጂ ከሱቅ እንደማይበቅል ያያል። ግን የእናንተ ዕረፍት በእነሱ የመከራ ወር ላይ እየወደቀ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

«ቆላ ዓመቱን ሙሉ እሳት ነው»

ተረት። እሳት የሚሆነው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በነዚያ ወራት መተማና ሁመራ ላይ ቀኑ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ማንም አይገረምም። ዝናቡ ሲጀምር ደመናው ፀሐዩን ይሸፍናል፤ ሙቀቱ ይበርዳል፤ በምትኩ ወበቅ ይመጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ነጠላ የሚያስደርብ ነው። ሙቀት ራሱ ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ሥልጡን የምንላት ፈረንሳይ በአንድ የሙቀት ማዕበል 15,000 ያህል ሰው ሞቶባታል፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፣ ብዙዎቹም ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሕፃንና ሽማግሌ ይዞ በሚያዝያ ወደ ቆላ መውረድ ያሳስባል። በሐምሌ ግን ፀሐዩን የሚፈራ ሰው ፍርሃቱን ያለ ቦታው አውሎታል።

«የሚፈስ ውሃ አይጎዳም»

ከሁሉ አደገኛው ተረት ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

የሳንጃ ወንዝ ለከተማይቱ ሁሉ ነገር ነው። ልብስ ይታጠብበታል፣ ከብት ይጠጣበታል፣ ልጅ ይዋኝበታል። ከከተማ የመጣ ልጅ ሁለት ሰዓት አይቆይም፤ የአክስቱን ልጆች ተከትሎ ውሃው ውስጥ ይገኛል። ወላጅ ዳር ቆሞ የሚፈራው መስጠምን ነው፤ በክረምት ደራሽ ጎርፍ ስላለ ፍርሃቱ ትክክል ነው። የማይፈራው ግን በዓይን የማይታየውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በሳንጃ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሰገራ መርምሮ ከአሥሩ ስምንት በላይ በሚሆኑት ላይ የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል አገኘ። ከአሥር አንድ ቢሆን እንኳ ያስደነግጥ ነበር። ወንዙ ውስጥ የሚዋኙት፣ ልብስ የሚያጥቡትና የሚሻገሩት ልጆች ናቸው የተያዙት። ማለትም የእናንተ ልጅ አብሯቸው ሊጫወት የሚሄደው ልጆች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በበሽታው የተያዘ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በውሃው ዳር፣ ሣርና ቅጠል ላይ የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። ውስጧ ገብቶ ይራባል። ከሳምንታት በኋላ ከአንዲት ቀንድ አውጣ በየቀኑ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ሌላ ዓይነት እጮች ይወጣሉ። እነዚህ ጅራት ያላቸው ጥቃቅን ፍጡሮች የሰው ቆዳ ይፈልጋሉ። መጠጣት አያስፈልግም፤ መዋጥ አያስፈልግም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስተው ይገባሉ። በብዛት የሚወጡት ደግሞ ፀሐይ ሲጠነክር፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ልጆች የሚዋኙት መቼ ነው?

«ውሃው ይፈሳል፣ ያጥበዋል» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ይሰበራል። ቀንድ አውጣዋ መሐል ወንዝ ፏፏቴ ላይ አትቀመጥም፤ ውሃው በሚዘገይበት ዳር፣ ሴቶች በሚያጥቡበትና ልጆች በሚንቦጫረቁበት ቦታ ትኖራለች። የውሃው ጥራትም ምስክር አይሆንም፤ እንዲያውም ጥርት ያለ ዘገምተኛ ውሃ ይስማማታል። ከውሃ እንደወጡ በፎጣ መታሸት ያድናል የሚሉም አሉ። ጥቂቱን ቢቀንስ እንጂ የገባውን አያወጣም።

ፎቶውን የላኩልን ዘመዶች ሳይቀሩ ከዚህ ነገር ነፃ አይደሉም። የፈረንሳይ ደሴት በሆነችው ኮርሲካ ካቩ የሚባል ወንዝ አለ። ጥድ ዛፍ የከበበው፣ ድንጋዮቹ ታችኛው ጥግ ድረስ የሚታዩ፣ ቤተሰብ በበጋ የሚጎርፍበት ዓይነት ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተለያየ ከተማ ያሉ ሐኪሞች የዕረፍት ጊዜያቸውን በካቩ ያሳለፉ ልጆችና ወላጆች ላይ ቢልሃርዚያ አገኙ። ከ100 በላይ ሰዎች በሽታው እንዳለባቸው ታወቀ። አፍሪካን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ተመራማሪዎች ትሉን በዘረ መሉ ሲከታተሉት ምንጩ ሴኔጋል ሆኖ ተገኘ፤ የታመመ ሰው በወንዙ ሸንቶ ሳይሆን አይቀርም፣ ቀንድ አውጣዋ ቀድማ እዚያ ስለነበረች ሰንሰለቱ ተያያዘ። የእነሱ የሽንት ቧንቧን የሚያጠቃው ዓይነት ነው፤ የሳንጃው አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃው ነው። ካቩ ጥርት ያለና የሚፈስ ወንዝ እንደሆነ ልብ በሉልኝ።

ለእንግዳ ልጅ ሌላ አደጋ አለ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በወንዙ ያደገ ልጅ ሰውነቱ ትሉን ስለለመደው መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አይታወቅበትም፤ ጉዳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ በደም ማነስ፣ በሆድ ሕመም፣ በጉበትና በጣፊያ ማበጥ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋለጠ ልጅ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድንገት ሊያተኩሰው ይችላል፤ ሳል፣ ሽፍታ፣ የሆድ ቁርጠት ይከተላል። ያኔ ቤተሰቡ ወደ ከተማ ተመልሷል፤ ትምህርት ተጀምሯል። ክሊኒክ ሲሄዱ «ታይፎይድ ነው» ይባላል፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ ትኩሳቱም በራሱ ሲበርድ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። ትሉ እዚያው ለዓመታት ይቀመጣል። ሰገራ ቢመረመር እንኳ እንቁላሉ መታየት የሚጀምረው ከተጋለጡ አንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ ፈጥኖ የተደረገ ምርመራ «ነፃ ነው» ቢል አያስተማምንም።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ ርካሽ ነው፣ በደንብም ይሠራል። በሽታው በሚበዛባቸው ወረዳዎች በትምህርት ቤት በዘመቻ ይሰጣል። የክረምት እንግዳው ልጅ ግን የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ አይደለም፤ ዘመቻው ያልፈዋል። መድኃኒቱ የሚገድለው ያደገውን ትል ስለሆነ ወንዝ የገባ ልጅ ስድስትና ስምንት ሳምንት ቆይቶ መመርመር ይኖርበታል፤ ለሐኪሙም «ሳንጃ ወንዝ ዋኝቷል» ብሎ በግልጽ መንገር ነው። ገላ ለመታጠብ ውሃው ቢፈላ፣ ወይም ቀንድ አውጣ በሌለበት በርሜል ቀድቶ ሁለት ቀን ማስቀመጥ ይበቃል፤ እጩ ቆዳ ካላገኘ ከዚያ በላይ አይኖርም። ለመጠጥ ግን ማፍላት ግድ ነው፤ ቢልሃርዚያ ቢሞትም ሌላው አይሞትም።

«ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ወባ አያስጠጋም»

አረቄ የሚያስጠጋው ሌላ ነገር ነው። ነጭ ሽንኩርትም ለወጥ ይጣፍጣል። ሁለቱም የወባ ትንኝን አያግዱም፤ ደም ውስጥ የገባውን ወባም አይገድሉም። ትንኟ የምትከተለው የትንፋሻችንን ጋዝ፣ ሙቀትና የሰውነት ጠረን ነው። ጠጥቶ ውጭ የተኛ ሰው ደግሞ ስትነክሰው እንኳ አይሰማውም።

ከዚህ የሚከፋው «እኔ እዚያ ነው ያደግሁት፣ አይነካኝም» የሚለው ነው። ልብ የሚያሞቅ ንግግር ነው፤ ለዚህም ነው የሚያሳስት። ወባ በሚበዛበት አገር ያደገ ሰው ደጋግሞ ሲታመም ሰውነቱ የተወሰነ መከላከያ ያበጃል። ያ መከላከያ ግን ካልታደሰ ይከስማል። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት አዲስ አበባ ወይም ፓሪስ የኖረ የአርማጭሆ ልጅ ለትንኟ ደገኛ ነው። ልጆቹ ደግሞ መጀመሪያውኑ መከላከያ የላቸውም። ደገኛ ላይ ወባ ምን እንደሚያደርግ አገሩ በመራራ መንገድ ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ከቆላው ወጥቶ ደጋማ አካባቢዎችን ሲያጠቃ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል።

«ያ ድሮ ነው፣ ወባ ጠፍቷል» የሚልም አይታጣም። ለጥቂት ዓመታት በእርግጥ ቀንሶ ነበር፤ ተመልሶ መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20፣ 2024 ድረስ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል።

አጎበር የግድ ነው፤ ግን አጎበር ብቻውን አይበቃም። የቆላ ቤተሰብ ከመሸ በኋላ የሚኖረው ግቢ ውስጥ ነው። ቡናው ውጭ ነው፣ እራቱ ውጭ ነው፣ ጨዋታው ውጭ ነው። ዋናዋ ትንኝ ከመሸ ጀምሮ ውጭም ትነክሳለች። ስለዚህ ልጁ ወደ አጎበሩ ከመግባቱ በፊት ያሉት ሰዓታት ናቸው ክፍተቱ። ረጅም እጅጌ፣ ካልሲ፣ የሚቀባ መከላከያ። የአክስቱ ልጆች ይስቁበት ይሆናል፤ ይሳቁ።

ጊዜውም ይቆጠራል። የወባ ዋናው ወቅት ዝናቡ ሲያበቃና ኩሬው ሲቆም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ሐምሌ ወርዶ ነሐሴ መጨረሻ የሚመለስ ቤተሰብ ከዋናው ማዕበል ቀድሞ ይወጣል፤ እንቁጣጣሽን እዚያው ውለን እንመለስ ያለ ግን በሩ ሲከፈት ይደርሳል። ከተመለሱ በኋላም ነገሩ አላለቀም። ወባ ከተነደፉ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚነሣው፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ የሚያተኩሰው ልጅ ክረምቱን የት እንደከረመ ሐኪሙ ካልተነገረው አይገምትም።

«ካላዛር የቀን ሠራተኛ በሽታ ነው»

ግማሽ እውነት ካላቸው አንዱ ይህ ነው። ከሁመራ እስከ መተማ ያለው ቆላ የአገሪቱ ዋነኛ የካላዛር አካባቢ ነው። አብዛኛው በሽተኛም ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የወረደ ወጣት ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ግን የሥራ ውል አትጠይቅም። ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊሜትር የምትሆን፣ ድምፅ የሌላት፣ ዋልካው ሲደርቅ በሚፈጠረው ንቃቃትና በግራር ሥር የምትኖር፣ በሌሊት የምትነክስ ነፍሳት ናት። ሠራተኛው የሚያዘው መሬት ላይ፣ ከዛፍ ሥር፣ ያለ አጎበር ስለሚተኛ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የት ታድራላችሁ ነው። ከተማ ውስጥ፣ በቤት፣ በመድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ የሚተኛ ልጅ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው። «እርሻውን አይተን አንድ ሌሊት ዳስ ውስጥ እንደር፣ ኮከብ እንቁጠር» የሚል አጎት ካለ ግን አመስግኖ በጊዜ መመለስ ነው። መድኃኒት ያልነካው ተራ አጎበርም ቀዳዳው ለዝንቧ ሰፊ ነው።

ካላዛር ከወራት በኋላ ነው የሚገለጠው። የማይለቅ ትኩሳት፣ ክሳት፣ የጣፊያ ማበጥ ያመጣል። ሳይታከም ይገድላል፤ ከታከመ ይድናል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ለዚሁ በሽታ የተለየ የምርምርና የሕክምና ማዕከል ስላለ፣ ከሳንጃ ለሚመለስ ሰው መድረሻው ሩቅ አይደለም።

«በረሃ አንበሳ ይበላችኋል»፣ «አንበሳ ድሮ ጠፍቷል»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። አንበሳ አለ፤ ሳንጃ ግን አይደለም። በቋራ በኩል ከሱዳኑ ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋር የሚዋሰነው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች ባጠመዱት ካሜራ አንበሶች ተነሥተው መኖራቸው ለዓለም ተረጋገጠ። የአካባቢው ሰው ሲናገር ኖሯል፤ ሰሚ አልነበረም። ልጅ ይዞ በክረምት ወደዚያ መሄድ ግን አይታሰብም፤ መንገዱ ራሱ ከአንበሳው ቀድሞ ይውጣችኋል።

«አገሩ ሰላም ነው» ወይም «አገሩ ጦር ሜዳ ነው»

ከሩቅ ሆኖ ሁለቱንም ማለት ይቀላል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የፈነዳው የሱዳን ጦርነት በመተማ በኩል ስደተኛ አምጥቷል። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ በእነዚህ መንገዶች ላይ መጓዝን አጠራጣሪ አድርጓል። የዛሬ ወር የተወራ ወሬ ለዛሬ መንገድ አያገለግልም። የሚጠየቀው ትናንት በዚያ መንገድ የመጣ ሾፌር ነው፤ የሚሰማውም የአያት ቃል ነው። እሳቸው «ዘንድሮ ቆዩልኝ» ካሉ ናፍቆታቸውን አፍነው የተናገሩት ስለሆነ ክርክር አያስፈልገውም።

«ዘመድ ቤት ወጪ የለውም»

ወጪ አለው። የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው የማይታየው።

ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ቤተሰብ የሚያርፍባቸው የኪራይ ቤቶች ዢት ይባላሉ። ከነዚህ ብዙዎቹን የሚያስተባብረው ዢት ደ ፍራንስ እ.ኤ.አ. በ1955 ተመሠረተ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ገበሬው ትርፍ ቤቱን አድሶ ያከራያል፣ እንግዳው ራሱ ይገበያል፣ ራሱ ያበስላል፣ ራሱ ዕቃ ያጥባል። ገበሬው ሥራውን አይፈታም፤ ገቢም ያገኛል። በፎቶው ላይ የሚታየው ጠረጴዛ ላይ ያለው ምግብ በአብዛኛው ከዚያው ከእንግዶቹ እጅ የወጣ ነው።

የሳንጃው ጠረጴዛ በማን እጅ ነው የሚሞላው? ሐምሌ ላይ አምስትና ስድስት ሰው ሲጨመር እንጀራው የሚጋገረው፣ ውሃው የሚቀዳው፣ ቡናው ሦስት ጊዜ የሚፈላው ለአራሚው ስንቅ እያዘጋጀች ባለችው ሴት እጅ ነው። እንግዳ ስለሆናችሁ ዶሮ ትታረዳለች። እህሉ ደግሞ በዓመቱ ከሁሉ የሚያንስበት ወር ነው፤ የአምናው እያለቀ፣ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ነው። አያት ይህን አይናገሩም። «ምነው ቶሎ ሄዳችሁ» ይላሉ እንጂ። የከተማው ሰው ደግሞ «ገጠር እኮ ሁሉ ነገር በነፃ ነው» ብሎ ይመለሳል። ገበያና ወፍጮ ቤት ሄዶ የራሱን ጤፍ፣ ዘይት፣ ቡናና ስኳር ጭኖ የሚወርድ፣ እዚያም ሲደርስ ሚስትም ባልም ወጥ ቤት የሚገቡበት ቤተሰብ ካለ፣ ያ ቤተሰብ ሳያውቀው የፈረንሳዩን ልማድ ከፎቶው በተሻለ ተከትሏል።

«ከክረምት ሌላ ጊዜ የለም»

አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሰዱ የሚል አንቀጽ የለበትም። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማም ፈቃዱ ለሁለት ይከፈላል። ልጆች ደግሞ በሁለቱ ወሰነ ትምህርት መካከል፣ ጥር መጨረሻ ገደማ ዕረፍት አላቸው። አጭር ነው፤ ግን ለ60 ኪሎ ሜትር መንገድ ሦስት ወር አያስፈልግም።

ጥር ላይ ሰሊጡ ተሽጧል፣ ማሽላው ገብቷል፣ ጎተራው ሙሉ ነው። ወጣቱ ከእርሻ ተመልሷል፤ አያትም ለመቀመጥ ጊዜ አላቸው። መንገዱ ደርቋል፣ ሌሊቱ ቀዝቅዟል፣ የወባው ማዕበል በርዷል። ጥምቀትን ጎንደር አክብሮ ከዚያ ወደ ሳንጃ መውረድ ይቻላል። ሠርጉም የሚበዛው በዚሁ ወቅት ስለሆነ ልጆቹ ዘመዶቻቸውን አንድ ዳስ ውስጥ ሰብስበው ያገኟቸዋል።

ወንዙ ብቻ ነው የማይሻሻለው። በክረምት ጎርፉ ቀንድ አውጣዋን ጠርጎ ይወስዳታል፤ በጥር ውሃው ይቀንሳል፣ ይዘገያል፣ ይጠራል፣ ቀንድ አውጣዋም ዳር ዳሩን ትሞላለች። ስለዚህ በጥር የሚወርድ ቤተሰብ ከሐምሌው ይልቅ ልጁን ከውሃው ማራቅ አለበት፤ በርሜሉም ከሁለት ቀን በፊት ተሞልቶ ይቆይ።